ከደጅ የተመለሰው እንግዳና የጥቁር ውኃ ቦይ

የማንኩሳው ሚኒባስ ገና ግማሹ አልሞላም። አያ ደረሰ ከሾፌሩ ኋላ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ጉዳዩ የተሳካለት ሰው ፊት ነው። ጠዋት ፍኖተ ሰላም ሲገቡ ቀኑን ሙሉ ደጅ ሲጠኑ እንደሚውሉ አስበው ነበር። የወረዳው ኃላፊ ግን ነገራቸውን ሰምቶ ሳይጨርስ ስልኩን አነሣና ለአንድ ሰው ትእዛዝ ሰጠ። ከዚያ ነገ ስብሰባው ላይ ሚሊሻ እንደሚቆምላቸው፣ ስማቸውን ያነሣው ሰው ወደ ቦታው ዝር እንደማይል ነግሮ በሰላም አሰናበታቸው። እንዲህ በቀላሉ ያልቃል ብለው አልጠበቁም። ከቀላልነቱ የተነሣ እንዲያውም ትንሽ ቅር ብሏቸዋል፤ ለምን ቅር እንዳላቸው ግን ለራሳቸውም አልገባቸውም።

አያ ደረሰ የጥቁር ውኃ የውኃ አባት ናቸው። ጥቁር ውኃ ከማንኩሳ ወረድ ብሎ የሚያልፍ መለስተኛ ወንዝ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ገበሬው ተሰብስቦ ወንዙን በድንጋይና በጭቃ ይጠልፈዋል። የተጠለፈውም ውኃ በቦይ እየተመራ ድንቹን፣ ሽንኩርቱንና የበጋውን ስንዴ ያጠጣል። ውኃው ለማን መቼ እንደሚለቀቅ የሚወስነው፣ የተጣላውን የሚያስታርቀው፣ ቦይ ጠረጋ የቀረውን የሚቀጣው የውኃ አባቱ ነው። አያ ደረሰ ሥራውን የወረሱት ከአባታቸው ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን «ውኃ አዳላ» የሚል ቃል በዚያ ቤት ላይ ተነሥቶ አያውቅም።

ዘንድሮ ግን ተነሣ። ከሽንዲ መጥቶ መሬት የተከራየ፣ ሽንኩርት የተከለ ስመኘው የሚባል ሰው ማንኩሳ ገበያ ላይ ቆሞ የውኃ አባቱ ሌሊት ሌሊት ውኃውን ለአማቻቸው ለአንዷለም እንደሚለቁ ተናገረ። ወሬው ገበያውን ሳይወጣ መልኩን ቀየረ። አንዱ ዘንድ ሲደርስ አያ ደረሰ ውኃ ይሸጣሉ ተባለ፤ ሌላው ዘንድ ሲደርስ የታችኛውን ቦይ ጨርሰው ሊደፍኑት ነው ተባለ። የግርጌ፣ የታችኛው ቦይ ወጣቶችም ይህንን ሰምተው ጠለፋውን እናፈርሳለን ማለት ጀመሩ። ጠለፋው በበጋ መሃል ከፈረሰ እንደገና የሚሠራበት ጊዜ የለም፤ የራስጌውም የግርጌውም አዝመራ አብሮ ይደርቃል። አያ ደረሰ ሌሊቱን ሲያወጡ ሲያወርዱ አድረው ያገኙት መላ አንድ ነበር፤ ነገ በሚደረገው የውኃ ድልድል ላይ ስመኘው እንዳይገኝ ማድረግ። ወሬ የጀመረው አፍ ከተዘጋ ወሬውም ይቆማል ብለው አሰቡ።

በዚህ መሃል አንዲት መነጽር ያደረገች ወጣት ጎንበስ ብላ ገባችና ስታያቸው ቆም አለች።

«አያ ደረሰ፣ እንደምን ዋሉ?» ብላ ትከሻቸውን ሳመች።

ሠርክአዲስ ናት፣ የጎረቤታቸው የአስካለ ማርያም ልጅ። ቡሬ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ዜጋ ታስተምራለች። ለሥልጠና ፍኖተ ሰላም ሰንብታ እናቷን ልትጠይቅ እየሄደች ነው።

«ሠርኬ፣ አንቺ ነሽ? ይኼን መስታወት ዓይንሽ ላይ ደቅነሽ ማን ይለይሻል? የቀበሌ ገንዘብ ያዥ መስለሽኝ ልሸሽ ነበር» አሏት። ሳቀችና አጠገባቸው ተቀመጠች።

ሾፌሩ ተሳፋሪ እስኪሞላለት ሬዲዮኑን ከፍ አደረገ። ዜና ነበር። ባሕር ማዶ ያለ አንድ መንግሥት፣ በአወዛጋቢ ንግግሮቹ የሚታወቅ አንድ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ እንዳይገባ ማገዱን፣ ሰውዬውም ከአውሮፕላን ማረፊያ መመለሱን አንባቢው ተናገረ።

«ደግ አደረጉ» አለች በርበሬ በጆንያ ይዛ ከኋላ የተቀመጠች ነጋዴ። «እኔም ደጄ ላይ እንዲህ ያለ ዘበኛ ቢኖረኝ የባሌን እናት አላስገባም ነበር።»

ተሳፋሪው ሳቀ። አያ ደረሰም ሳቁና ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ዜናው ልክ ለእሳቸው የተላከ መሰላቸው። ትልልቅ መንግሥታት የሚያደርጉትን እሳቸውም በመንደራቸው አደረጉ ማለት ነው። ወዲያው ግን አንድ ነገር ከነከናቸው።

«ግን ምን ብሎ ነው ሰውዬው?»

ማንም የሚያውቅ አልነበረም። ሾፌሩም ዜናው ስላለቀ ዘፈን ከፍቶ ነበር።

ማንኩሳ ወርደው የመንደራቸውን መንገድ በእግር ሲይዙ ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የበቆሎ አገዳ ተከምሯል። አያ ደረሰ ሰው ሲያገኙ ነገር መያዝ አይሆንላቸውም፤ ስለ ስመኘውም፣ ስለ ወረዳው ኃላፊም፣ ስለ ሚሊሻዎቹም ሁሉንም ነገሯት። ሠርክአዲስ ሳታቋርጥ ሰማች። ሲጨርሱ የጠበቁት ምስጋና አልመጣም።

«ሬዲዮው ያወራለትን ሰው መመለሳቸው ትክክል ይመስልዎታል?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«እንዴታ። ቤት ባለቤት አለው። ያልጠሩት እንግዳ ዘው ብሎ ገብቶ ቤተሰቡን ቢሰድብ ማን ይታገሠዋል? የአገር ልጅ ቢሳደብ የራሳችን ነው፤ ክፉውንም ደጉንም አብሮን ይቀምሳል። እንግዳ ግን ቃሉን ወርውሮ፣ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። የወረወረው ግን እኛው ዘንድ ይቀራል።»

ነገሩ ቀላል አልነበረም፤ ሠርክአዲስም አቅልላ አላየችውም።

«ቤት ባለቤት አለው ያሉት እውነት ነው» አለች። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እናቴ እንግዳ ልትሰማ ጠርታ፣ እርስዎ ደጁ ላይ ቢመልሱት፣ የተከለከለው ማነው?»

«እንግዳው ነዋ።»

«እንግዳው አገሩ ተመልሶ እንደ ልቡ ያወራል፤ አፉን ማንም አልወሰደበትም። የተከለከለችው እናቴ ናት። ልትሰማው፣ ልትጠይቀው፣ ውሸት ሲናገር ፊት ለፊት ልትመልስለት ነበር። እርስዎ የዘጉት የእሷን ጆሮ ነው።»

አያ ደረሰ አስካለ ማርያምን በዓይነ ሕሊናቸው አዩ። በእርግጥም የማንንም ነገር ሳትመልስ የምታልፍ ሴት አይደለችም። ፈገግታቸውን ዋጡት።

«ነገር እያሳመርሽ ነው» አሏት። «ቃል እኮ ሰው ይገድላል። በዘመናችን አላየንም? አንዱ በተናገረው የሰው ቤት ሲቃጠል አላየንም?»

«አይተናል» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እነዚያን ሰዎች ምቱ፣ ያንን ቤት አቃጥሉ የሚል፣ እንግዳም ይሁን የአገር ልጅ፣ መቆም አለበት። እሱ ክብሪት ይዞ የመጣ ሰው ነው፤ በሩን ቢዘጉበት አልከራከርዎትም። እኔን የሚያሳስበኝ ቃጠሎ ያዘዘውና የማይጥም ነገር የተናገረው በአንድ በር፣ በአንድ ሰው ትእዛዝ፣ ምን አጠፋችሁ ሳይባሉ ሲመለሱ ነው። ስመኘው ጠለፋውን አፍርሱ ብሏል?»

አፍርሱ ያሉት ወጣቶቹ ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ የሰሙት የስመኘውን ቃል ሳይሆን በመንገድ የተጨመረበትን ነው።

«አላለም» አሉ አያ ደረሰ። «የእኔን ስም ነው ያነሣው።»

«ባለፈው ኔትወርክ የጠፋ ጊዜ» አለች ሠርክአዲስ፣ «አዴት ገበያ ተቃጠለ የተባለውን ያስታውሳሉ? እናቴ እዚያ የሚነግደው ወንድሜ ተቃጠለ ብላ ስትንሰፈሰፍ ሰነበተች። እሱ ግን እዚያው ሱቁን ከፍቶ እየነገደ ነበር። ሐሰት ነው የሚለው ሰው ድምፁ የሚወጣበት መንገድ አጣ። ዝም ማሰኘት ወሬ የሚያቆም ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ ወሬ ባልተሰማ ነበር።»

አያ ደረሰ አስታወሱ። ያን ጊዜ እሳቸውም አምነው፣ የአስካለ ማርያምን እንባ ሲያብሱ ነበር።

«ደግሞ ሌላ» አለች። «ዛሬ እርስዎ ነግረውት በአንድ ስልክ የስመኘውን መንገድ የዘጋው ኃላፊ፣ ነገ ሌላ ሰው ገብቶ ስለ እርስዎ ቢነግረውስ? ስመኘውን ጠርቶ ጠየቀው?»

አልጠየቀውም። ጠዋት ቅር ያላቸው ይህ እንደሆነ አያ ደረሰ አሁን ገባቸው። ነገሩ ሳይጣራ በመሳካቱ ደስ ያላቸውን ያህል፣ ያው ስልክ በእሳቸውም ላይ እንደዚያው ሳይጣራ ሊነሣ እንደሚችል ልባቸው አውቆ ነበር። ይህንን ግን ለልጅ መናገር አልፈለጉም፤ ከዘራቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ።

ሠርክአዲስም አልገፋችም። ከጥቂት እርምጃ በኋላ እንደ ጨዋታ አድርጋ፣ ይህ ጥቁር ውኃ ዞሮ ዞሮ ዓባይ እንደሚገባ አነሣችና፣ ከዓባይ ግርጌ ካሉ አገሮች አንድ የተማረ ሰው መጥቶ ቦያችሁ የእኛን ውኃ ያጎድላል ሊላቸው ቢፈልግ ምን እንደሚያደርጉ ጠየቀቻቸው።

«ከበር ነው የምመልሰው» አሉ አያ ደረሰ ወዲያው፤ ደማቸው ፈላ። «ይህች ቦይ ምን ያህል ውኃ ብትይዝ ነው? ከጉልበት አታልፍ። እጁን ይዤ ከጠለፋው እስከ ጫፉ ባስኬደው፣ ድንቹንም ልጆቹንም ባሳየው፣ የሚለውን ባጣ ነበር።»

«ከበር ከመለሱት እንዴት ያስኬዱታል?»

አያ ደረሰ በሰባ ዘመናቸው ብዙ ሰው ሞግተዋል፤ በራሳቸው ቃል ሲሞገቱ ግን ብዙ ጊዜ አላጋጠማቸውም። ደግነቱ ልጅቱ መረታታቸውን አላየችም፣ ወይም እንዳላየች ሆነች። ዞር ብላ ወደ ቦዩ እያየች፣ የነገው ድልድል እንዴት እንደሚካሄድ ጠየቀቻቸው። ይህን የጠየቀችው ከልቧ ነበር፤ ሴት ልጅ በመሆኗ ወደ ጠለፋው ስብሰባ ተወስዳ አታውቅም።

አያ ደረሰም ከጭንቅ የወጡ መስሏቸው በደስታ ያስረዱ ጀመር። ሁሉም ጠለፋው ላይ ይሰበሰባል። የውኃ አባቱ ቀድሞ አይናገርም። መጀመሪያ የሚናገረው የቦዩ ጫፍ ላይ ያለው ገበሬ ነው፤ ውኃ በመጨረሻ የሚደርሰው ሰው። ያ ሰው ጠለፋው ድንጋይ ላይ ወጥቶ፣ የወጣው ውኃ ምን ያህሉ እንደደረሰው ይናገራል። ጨርሶ እስኪወርድ ማንም አይመልስለትም፣ ማንም አያቋርጠውም።

«ለምን ጫፉ?»

«አባቴ ይል የነበረውን ልንገርሽ። ራስጌ ያለ ሰው የሚያየው ውኃውን ነው፤ የሚጎድለውን አያይም። ቦዩ የት እንደሚያፈስ የሚያውቀው በጫፉ የደረቀበት ሰው ነው፤ ስለዚህ ሰውዬው ቢያስጠላህም ስማው፣ ቦይህ የታመመበትን ቦታ የሚነግርህ እሱ ነው፣ ይል ነበር።»

ሠርክአዲስ ቆመች። «ግሩም ነው» አለች። «ዘንድሮ ጫፍ ላይ ያለው ማነው?»

አያ ደረሰም ቆሙ። ከቦዩ ማዶ የአንዷለም ድንች አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። የስመኘው የኪራይ መሬት ከዚያ በጣም ወርዶ፣ ከቦዩ ጫፍ፣ ከዛፎቹ ኋላ ነው፤ ከቆሙበት እንኳ አይታይም።

ከአስካለ ማርያም ደጅ ሲለያዩ «እናትሽን ሰላም በያት» ብቻ አሏትና ጥቂት ሄደው ዞር አሉ። «ነገ ነይ። ሴት አትመጣም ያለ የለም፤ ያልመጣችሁት ራሳችሁ ናችሁ» አሏት። እውነት ነው ብሎ መመስከር ግን ያስቸግራል።

በማግሥቱ ገበሬው ጠለፋው ላይ ተሰበሰበ። ሠርክአዲስ ከእናቷ ጋር ከወደ ዳር ተቀምጣለች። ሚሊሻዎቹ ከታች በሚመጣው መንገድ አፍ ላይ ቆመዋል። ስመኘው ዶማውን ተሸክሞ ብቅ ሲል አንደኛው እጁን ዘረጋበትና ከዚህ እንዳያልፍ ነገረው። የግርጌ ወጣቶች ከተቀመጡበት ተነሡ። አንዳቸው ድንጋይ አንሥቶ ነበር።

አያ ደረሰ ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ መንገዱ ወረዱ።

«አሳልፉት» አሉ።

«ትእዛዝ አለን፣ አባባ» አለ ሚሊሻው ግራ ገብቶት። «እርስዎ ራስዎ ነዎት የለመኑት ተብለናል።»

«ለምኜ ነበር። አሁን የማሳልፈው እኔው ነኝ። ይህ ሰው የቦዩ ጫፍ ነው፤ እሱ ሳይናገር ድልድል አይጀመርም። እናንተም ተቀመጡና ስሙ።»

ስመኘው ለጠብ ተዘጋጅቶ ስለመጣ መንገዱ ሲከፈትለት ለአፍታ የሚያደርገው ጠፋው። ድንጋዩ ላይ ወጣ። ገበያ ላይ የተናገረውን ሁሉ ግን እዚያ አልደገመውም። በሚያውቁህ ሰዎች ፊት፣ መልስ የሚሰጥ ሰው ዓይን ዓይንህን እያየህ ስትናገር፣ ቃልህን ሳትመዝን መወርወር አይቻልህም። ይሸጣሉ የሚለው ቀረ፤ ሊደፍኑት ነው የሚለውም ቀረ።

«ተራዬ ሲደርስ የሚመጣልኝ ውኃ ዶሮ አያጠጣም» አለ። «ሽንኩርቴ እየተኛ ነው። ከላይ ሲለቀቅ ሙሉ ነው፤ ከአንዷለም መሬት ሲያልፍ ግማሽ ነው። ያየሁት ይህንን ነው። እርስዎም አማችዎ ስለሆነ ነው ብያለሁ። ሰው ምን ይበል? እኔ ከሽንዲ የመጣሁ ነኝ፤ የምጮኸው ለማን ነው? ገበያው ብቻ ነው የሰማኝ።»

ወርዶ እስኪቀመጥ ማንም አላቋረጠውም። አያ ደረሰ ፊታቸው ቢለዋወጥም ድምፃቸው አልተለወጠም። በሌሊት ለማንም ውኃ ለቀው እንደማያውቁ ተናገሩና፣ እኔን ከማመንም እሱን ከማመንም ቦዩን ማየት ይሻላል ብለው ቀደሙ። ሁሉም ተከተላቸው።

የአንዷለም መሬት ላይ ሲደርሱ ነገሩ ታየ። የመሬቱ የውኃ መግቢያ በጆንያና በጭቃ ተደፍኗል፤ ጭቃው ግን በሥር በኩል ተቦርቡሮ ውኃው ዝም ብሎ ወደ ሣሩ ይፈሳል። ሣሩ ጉልበት ድረስ በቅሏል። አንዷለም አላየሁም አለ፤ ውሸቱን አልነበረም፣ ሌሊት ተኝቶ ስለሚያድር ቦርቡሮ ሲፈስ አላየም። ግን የፈሰሰው የሰው ውኃ ነው። ወረድ ሲሉ ደግሞ የስመኘው ራሱ የቦይ ድርሻ በአረምና በደለል ተሞልቶ ተገኘ፤ መሬቱን የተከራየው ከቦይ ጠረጋ በኋላ ስለነበር ድርሻው የቱ እንደሆነ የነገረው ሰው አልነበረም።

አያ ደረሰ እዚያው ቆመው ፈረዱ። አንዷለም መግቢያውን በድንጋይ ይሠራል፤ የሚቀጥለው ተራውም ለስመኘው ይሰጣል። ስመኘው ድርሻውን ይጠርጋል፤ ስማቸውን ባነሣበት ገበያም የተናገረውን ያስተካክላል።

«አማቼ ነው ብዬ ሳላይ ማለፌ የእኔ ነው» ብለው ጨመሩ። «ሌሊት ለቀቀ ማለትህ ግን ያንተ ነው።»

«ገበያው ላይ ሚሊሻ ካላቆሙብኝ እናገራለሁ» አለ ስመኘው። ከሁሉ በፊት የሳቁት ሚሊሻዎቹ ነበሩ። ድንጋይ ያነሣው ወጣት የያዘውን ድንጋይ የት እንደሚያደርገው ግራ ገብቶት ቆየና፣ በመጨረሻ ለአንዷለም መግቢያ አቀበለው።

ጠለፋው በዚያ ዓመት አልፈረሰም። ወሬውን ማንም ሳይከለክለው ቆመ፤ ሁሉም ቦዩን በዓይኑ ስላየ የሚጨምርበት ቦታ አጣ። የአያ ደረሰ ስምም ሚሊሻ ቆሞ ከሚጠብቀው ይልቅ ጠንክሮ ተመለሰ፤ ሲከሰሱ ቆመው የሰሙ የውኃ አባት ተባሉ። ስመኘው ታግዶ ቢሆን ኖሮ አንዷለም ሣር ሲያጠጣ፣ ስመኘው የራሱ የቦይ ድርሻ በደለል እንደተሞላ ሳያውቅ፣ ወጣቶቹም ያልተባለውን እንዳመኑ ይቀሩ ነበር። የማይጥም ቃል ሁሉ እውነት አይደለም፤ ያልተሰማ ግን እውነቱም ሐሰቱም ሳይለይ አብሮ ይቀመጣል።

በቀጣዩ የገበያ ቀን አያ ደረሰ ማንኩሳ ላይ ሠርክአዲስን ፈልገው አገኟት። ወደ ቡሬ ልትሳፈር ነበር።

«ያ ሬዲዮ ያወራለት ሰው» አሏት ሰላምታውን አሳጥረው፣ «ከአውሮፕላን የመለሱት፤ ምን ብሎ እንደሆነ አላወቅሽም?»

ሠርክአዲስ ስልኳን አውጥታ ፈለገችና አገኘችው። ሰውዬው በየአገሩ እየዞረ የሚናገረው ስለ ገበሬ ነበር። የዚያ የከለከለው አገር ትንንሽ ገበሬዎች መሬቱን አያውቁበትም፣ አድክመውታል፣ እነሱ ተነሥተው መሬቱ ለትልልቅ ድርጅቶች ቢሰጥ ይሻላል ይላል። ቀስ እያለች በአማርኛ ነገረቻቸው። አያ ደረሰ አንድ እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙ። በመሃል ፊታቸው ጠቆረ፤ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ፣ መሬት ይደክማል ያለው ላይ፣ እያዘኑ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሚኒባሱ ጥሩምባ ነፋ። ሠርክአዲስ መሳፈር ነበረባት፤ ግን መልሳቸውን ሳትሰማ መሄድ አልፈለገችም።

«ተሳስቷል» አሉ አያ ደረሰ። ከዘራቸውን መሬቱ ላይ ተከሉ። «በጣም ተሳስቷል። ግን ከበር ከመለሱት ማን ይንገረው?»